የሚጠየቅ ሰው አጣን

ድሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድን ሰው የሚያስጨንቀው ሻንጣው ከተፈቀደው ኪሎ እንዳያልፍ ነበር። ዛሬ ኪሎው ቀላሉ ጭንቀት ሆኗል። ሻንጣ መመዘን፣ የሻንጣውን መለያ አትሞ እጀታው ላይ ማጣበቅ፣ ወንበር መምረጥ፣ ቦርዲንግ ፓስ ማውጣት፣ ፓስፖርት ገልጦ መስተዋት ላይ ማስተኛት፣ ይህ ሁሉ የመንገደኛው ሥራ ነው። ትናንት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ይሠራው ነበር። ሥራው ወደ እኛ ሲዞር ግን «ስለ ድካማችሁ ይኸው» ብሎ ከቲኬቱ ላይ የቀነሰልን የለም። ጭራሽ በሰው መስተናገድ የሚያስቀጣ ሆኗል። ራያንኤር የተባለው አየር መንገድ በኢንተርኔት አስቀድሞ ቼክ ኢን ያላደረገን መንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እስከ 55 ዩሮ ያስከፍላል። ከኖቬምበር 2025 ወዲህ ደግሞ የወረቀት ቦርዲንግ ፓስ ትቶ ሁሉንም ወደ ስልክ አዙሮታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ልፋቱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ማሽኑ ያዘናል፣ ይጠይቀናል፣ ይጠረጥረናል፤ እኛ ግን መልሰን የምንጠይቀው ሰው የለም።

ከስማችን ልጀምር። ማሽኑ የቤተሰብ ስም አስገቡ ይላል። እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም አለን እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ቲኬት የቆረጠው ወኪል የአባትን ስም ያስገባል፣ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ሰፍሯል፣ ቪዛው ላይ አጻጻፉ ተለውጦ ይገኛል። ገብረ እግዚአብሔር አንዱ ሰነድ ላይ ተያይዞ፣ ሌላው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። ፓስፖርቱ ግርጌ ላይ ማሽን የሚያነበው መስመር ለሙሉ ስም የሚሰጠው ቦታ 39 ፊደል ብቻ ነው፤ ረዘም ያለ ስም እዚያው ተቆርጦ ይቀራል። ጠረጴዛው ጋ ሠራተኛ በነበረችበት ጊዜ ፓስፖርቱንና ቲኬቱን ጎን ለጎን ይዛ፣ ቀና ብላ ፊታችንን አይታ፣ «ይሄኛው የአባትዎ ስም ነው?» ብላ ነገሩን በአንድ ጥያቄ ትጨርሰው ነበር። ማሽኑ «ሠራተኛ ያነጋግሩ» ብሎ ይዘጋል። ሠራተኛዋ ብቻዋን ናት፤ ማሽን የመለሰው ሰው ሁሉ እሷ ፊት ተሰልፏል።

ይህን ያለፈ ፍተሻ ይጠብቀዋል። ከአገር ቤት በሚነሳ ሰው ጓዝ ውስጥ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተፈጨ ቡና፣ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ፣ ማር። አንዱም ከጥርጣሬ አያመልጥም። አሜሪካ ከጁን 30 ቀን 2018 ጀምሮ፣ ከውጭ ወደ እሷ በሚበር መንገደኛ የእጅ ሻንጣ ውስጥ 350 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ዱቄት ከተገኘ ለብቻው ወጥቶ እንዲመረመር፣ ጥርጣሬው ካልተፈታም ካቢን እንዳይገባ አድርጋለች። 350 ሚሊ ሊትር ማለት አንድ የለስላሳ ጣሳ የሚያህል ነው። ለልጇ የአንድ ወር በርበሬ የቋጠረች እናት ከዚህ ማለፏ የታወቀ ነው። ቅቤና ማር ደግሞ ከፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ በብዙ ቦታ በእጅ ሻንጣ ውስጥ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለባቸውም። ራጁ የሚያየው የነገሩን ዓይነት ሳይሆን ምን ያህል የታመቀ እንደሆነ ነው፤ ማርና ቅቤ በዚያ ዓይን ለአደገኛው ነገር ይቀርባሉ። በጃንዋሪ 2010 በካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ ከተማ የአንድ መንገደኛ ጠርሙሶች በመመርመሪያው ፈንጂ ናቸው ተብለው አውሮፕላን ማረፊያው ለሰዓታት ተዘግቷል። ጠርሙሶቹ ውስጥ የነበረው ማር ነው።

አንዲት እናት አውሮፓ ውስጥ በአንድ መሸጋገሪያ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ማሰሮ የምታህል የቅቤ ዕቃ ከእጃቸው ተወስዳ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስትገባ ቆመው ሲያዩ አይቻለሁ። ወሳጁ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓቱ ያዘዘውን አደረገ። ግን ያ ቅቤ ከስንት ቀን ልቅለቃና ማንጠር በኋላ የመጣ፣ ለአራስ ልጅ የተላከ መሆኑን ሊነግሩት ቢሞክሩ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ቋንቋ አልነበራቸውም፤ እሱም ጊዜ አልነበረውም። ከመነሻው «እናቴ፣ ይሄን በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት» የሚል አንድ ሰው ቢያገኙ ኖሮ ቅቤው ቤቱ ይደርስ ነበር።

ደንቡ በየቦታው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ እንለምደው ነበር። የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ የመጣው በኦገስት 2006 ለንደን ውስጥ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላን ለማውደም የታቀደ ሴራ ከከሸፈ በኋላ ነው። ከዚያ የተሻሉ መመርመሪያዎች መጡ ተባለና አንዳንድ የአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች ገደቡን አነሱ። በሴፕቴምበር 2024 የአውሮፓ ኅብረት ገደቡን መልሶ አጸና። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለአንዳንዶቹ ማሽኖች እንደገና ተፈቀደ። አንድ ከተማ ላይ ያለፈ ጠርሙስ በሚቀጥለው ከተማ ይወሰዳል፤ ምክንያቱን የሚያስረዳ የለም። የጫማውም ነገር እንዲሁ ነው። በዲሴምበር 2001 አንድ ሰው ጫማው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ ተያዘ። አሜሪካ ከ2006 ጀምራ የአብዛኛውን መንገደኛ ጫማ ስታስወልቅ ኖራ በጁላይ 2025 ተወችው። በነዚያ 19 ዓመታት ስንት ወገቡ የማይታጠፍለት አዛውንት የጫማውን ክር ለመፍታት ተንበርክኳል!

ይህ ሁሉ የሚሆነው ለደኅንነታችን ነው ይባላል። ደኅንነትን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። ነገር ግን በ2015 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የራሱን ፍተሻ ለመፈተን ሰዎቹን መንገደኛ አስመስሎ ሲልክ፣ ከ70 ሙከራ በ67ቱ የተከለከለውን ነገር አሳልፈዋል። የእናቶቻችን ቅቤ ግን አያመልጥም።

ሰውነትን የሚያነበው ማሽንም የራሱ ዳኝነት አለው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ገብታ እጇን አንስታ ትቆማለች፣ ስክሪኑ ራሷ ላይ ቢጫ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ ጓንት ያጠለቀች ሠራተኛ በሰው ፊት ፀጉሯን ትዳብሳለች። ጥቁር ሴቶች ሹሩባቸውን፣ ሲኮች ጥምጥማቸውን እየጠቀሱ ሲያማርሩ ቆይተዋል። እስከ ዛሬ ግን ፀጉራችን እዚያ ውስጥ እንደ ዕቃ ይታያል። ነጠላ የተከናነበች እናትማ ሁለት ጊዜ መፈተሿ የተለመደ ነው።

የፊት መለያው ካሜራ ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ስህተቱ ተለክቶ የታወቀ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በዲሴምበር 2019 ባወጣው ጥናት፣ ጥሩ ጥራት ባላቸው ፎቶዎች አንዱን ሰው ከሌላው የማምታታት ስህተት በብዛት የታየው በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ነበር። ድንበር ላይ በሚነሱት ደካማ ፎቶዎች ደግሞ ትክክለኛውን ሰው «አንተ አይደለህም» ብሎ የመመለሱ ስህተት በአፍሪካና በካሪቢያን ተወላጆች ላይ ይበዛል፤ በዕድሜ በገፉት ላይ ይብሳል። ይህ ታውቆ፣ ተጽፎ ሳለ ካሜራዎቹ በየበሩ መተከላቸውን ቀጥለዋል። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ቀስ በቀስ ሥራ የጀመረው የአውሮፓ አዲሱ የመግቢያና የመውጫ መዝገብ ለአጭር ጊዜ ከሚገባ የውጭ አገር መንገደኛ ፎቶ ይወስዳል፤ አሻራውንም ይመዘግባል ወይም ለቪዛ ከሰጠው አሻራ ጋር ያመሳክራል። ዕድሜ ልኩን አፈር ሲቆፍር፣ ልብስ ሲያጥብና እህል ሲፈጭ የኖረ ጣት አሻራው ይፋቃል፤ መስተዋቱ ላይ ደጋግሞ ቢጫን አይነበብም። አሮጊቷ ጣታቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ይሞክራሉ፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፣ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስላል።

ማሽኑ ሲሞት ደግሞ ሁሉም ነገር አብሮት ይሞታል። በሜይ 2024 የእንግሊዝ ፓስፖርት አንባቢ በሮች በመላ አገሪቱ ሥራ አቆሙ። በሴፕቴምበር 2025 የመንገደኛ መመዝገቢያ ሶፍትዌር በሳይበር ጥቃት ሲመታ በሂትሮው፣ በብራስልስና በበርሊን ሠራተኞች እስክሪብቶና ወረቀት አነሱ። በእጅ መጻፍ የሚችል ሰው አሁንም ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ግን ተመናምኗል።

ባቡሩም ያው ነው። ጀርመን አገር ለመጣ አዲስ ሰው፣ በር በሌለው ጣቢያ ቲኬት ከማሽን መግዛት ትልቅ ፈተና ነው፤ የዞን ቁጥር፣ የቀን ዓይነት፣ ማኅተም መመታት ያለበትና የሌለበት ቲኬት። ተሳስቶ የገዛም ሆነ ሳይገዛ የተሳፈረ በተቆጣጣሪ ሲያዝ 60 ዩሮ ይቀጣል። ፍራንክፈርት ያሉ ወገኖቻችን ይህን ቅጣት ያውቁታል። እንግሊዞች ግን አንድ ጊዜ እምቢ ብለዋል። በ2023 የባቡር ኩባንያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም የቲኬት ቢሮዎች ሊዘጉ ሲነሱ ከ700,000 በላይ አስተያየት ተላከ፤ በኦክቶበር መጨረሻ ዕቅዱ ቀረ። ማየት የተሳናቸው፣ አዛውንቶች፣ በዊልቸር የሚሄዱ ሰዎች «ሰው ይኑረን» ብለው ጮኹ፤ ተሰሙም።

የእኛ ሰው ግን ጩኸቱን ትቶ መላ ፈልጓል። ልጆች ለእናቶቻቸው ቲኬት ሲቆርጡ ዊልቸር ያዙላቸዋል። እናትየው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ገበያ በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱ ናቸው። ዊልቸሩ የታዘዘው ከኋላው የሚገፋውን ሰው ለማግኘት ነው፤ እሱ ማሽኑን ይጫንላቸዋል፣ ፓስፖርታቸውን ያሳይላቸዋል፣ የሚቀጥለው በረራ በር ድረስ ያደርሳቸዋል። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ እናቱን ለስክሪን ጥሎ የሚተኛ ልጅ የለም። ግን በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ስንደርስ መራመድ ጨርሶ የማይችል ሰው ዊልቸር አልቆበት ወንበሩ ላይ ሲጠብቅ ይታያል።

ቋንቋ ለቸገረው መንገደኛ የሚመራው ሰው የመመደብ አሠራር በአየር መንገዶች ዘንድ አለ። ችግሩ፣ ቲኬት የምንቆርጥበት ገጽ ላይ በግልጽ አይታይም፤ ዊልቸሩ ግን ተጽፎ ይገኛል። እዚያው ጎኑ ላይ፣ በአማርኛም ጭምር፣ «የሚመራኝ ሰው እፈልጋለሁ» የሚል መስመር ይጨመርልን። ያን መስመር ለሚነካ ሰው ሁሉ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው፣ በሩ ላይ ስሙን ጠርቶ የሚቀበለው ሠራተኛ ይመደብለት።