የጠፋ ሙሽራ፣ የጎደለ ጥርስ፦ «ዘ ሀንግኦቨር» በታሪክ አጠናን ዘዴ ሲመረመር

በቶድ ፊሊፕስ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው «ዘ ሀንግኦቨር» የተባለው የአሜሪካ ፊልም፣ እስካሁን አፋቸውን ከማይገድቡ አስቂኝ ፊልሞች ተርታ ሲመደብ የኖረ ቢሆንም፣ ምደባው ከችኮላ የመጣ ይመስላል፤ ሥራው በጥሞና ሲታይ ስለ ታሪክ ምንጮች አሰባሰብና ምርመራ የተዘጋጀ፣ አልፎ አልፎ ልብሱን የሚያወልቅ ድርሳን ነው። ርእሱ ሰው ጠጥቶ ባደረ ማግስት የሚሰማውን ራስ ምታት፣ ጥማትና ጸጸት የሚያመለክት ሲሆን፣ የአማርኛው «አንጎበር» በድምፅም በትርጉምም እጅግ ስለሚቀርበው ጥንቃቄ የጎደለው የቋንቋ ሊቅ ሁለቱን ከአንድ ግንድ ሊያበቅላቸው ይችላል፤ ይህ ጥናት ግን ፈተናውን ተቋቁሟል።

የነገሩ አካሄድ ቀላል ነው። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሙሽራው ዳግ ከሦስት ወንዶች ጋር ወደ ላስ ቬጋስ ይጓዛል፤ ይህም የላጤነት ስንብት የሚባለው ልማድ ሲሆን፣ ሚዜዎች ሙሽራውን ከማጀባቸው በፊት አስክረው የሚያዋርዱበት ሥርዓት ነው። አራቱ በሲዛርስ ፓላስ ሆቴል ጣሪያ ላይ ጽዋ ያነሣሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነግቷል፣ ሙሽራው የለም፣ የቀሩት ሦስቱም አንዳች አያስታውሱም። አለን የተባለው ገጸ ባሕርይ ደስታ ይሰጣል ብሎ በመጠጡ የጨመረው ዕፅ ለካ ትዝታ የሚያጠፋ ኖሯል። ደራሲዎቹ ጆን ሉካስና ስኮት ሙር በዚህ ዘዴ ስለ ፈንጠዝያ ከተሠራው ፊልም ፈንጠዝያውን ራሱን ቆርጠው አውጥተዋል፤ ለተመልካች የተረፈው ምንጭ ብቻ ነው።

ምንጮቹም የተሟሉ ናቸው። በጽሑፍ የተገኙት የገንዘብ ማውጫ ደረሰኝ፣ የሆስፒታል የእጅ አንባርና የመኪና ማስረከቢያ ወረቀት ሲሆኑ፣ ይህ የመጨረሻው ሰነድ ለባለቤቶቹ ያስመጣላቸው የፖሊስ መኪና ነው። ሕይወት ካላቸው ምንጮች ደግሞ በቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ሕፃን፣ በመታጠቢያ ክፍል የተኛ ታይገር፣ እንዲሁም በሳሎኑ የምትንጎራደድ ዶሮ ይጠቀሳሉ። ታይገሩ የቦክሰኛው የማይክ ታይሰን መሆኑ ኋላ ሲረጋገጥ፣ ዶሮዋ እንዴት እንደገባች ግን አይገለጽም፤ ምናልባት ሠርግ በደረሰበት ቤት ዶሮ መገኘቷ ማብራሪያ አያሻውም ተብሎ ይሆናል።

ድርጊቱ ከታሪኩ ከወጣ የሚቀረው ፊት ነውና ሸክሙ በሙሉ በተዋንያኑ ላይ ይወድቃል። ብራድሊ ኩፐር ሁሉንም ነገር እንደሚያውቅ ሰው ይራመዳል፤ አለንን የሚጫወተው ዛክ ጋሊፊያናኪስ ምንም እንደማያውቅ ሰው ቆሞ ያያል፤ የሚበልጠው ሳቅም ከዚህ አቋቋም የሚመጣ ነው፣ ምክንያቱም አለን የሚናገረውን ሁሉ እንደ ቁም ነገር ስለሚናገር። ኤድ ሄልምስ ግን ለሳይንስ መሥዋዕትነት የከፈለ ነው። ገጸ ባሕርይው ስቱ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ሳለ የፊት ጥርሱን አጥቶ ይነቃል፤ ተዋናዩም አንድ ቋሚ ጥርስ ከመነሻው ስላልበቀለለት በቦታው የተተከለለት ሰው ሠራሽ ጥርስ ለቀረጻው ሲባል ወልቋል። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ከሚታየው ሁሉ ፍጹም እውነተኛ የሆነው የሌለው ነገር ነው። ጀስቲን ባርታ የሙሽራውን ሚና የተጫወተው በአብዛኛው ባለመኖር ሲሆን፣ የዚህ ዓይነቱ ትወና ገና ሽልማት አልተዘጋጀለትም።

ፊልሙ በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳያየው ተወስኖበት ነበር፤ ለዚህም ከመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ እርቃኑን ዘሎ የሚወጣው ኬን ጆንግ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ጆንግ ወደ ትወና ከመግባቱ በፊት የውስጥ ደዌ ሐኪም ስለነበር፣ የሰው ገላ ለእርሱ የሥራ ጉዳይ እንደሆነ መገንዘብ ይገባል። በ35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው ይህ ጥናት በዓለም ዙሪያ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ በ2010 በአስቂኝና ሙዚቃዊ ፊልሞች ዘርፍ የጎልደን ግሎብ ሽልማት አግኝቷል። በ2011 ተመራማሪዎቹ ሙከራውን በባንኮክ ደግመው፣ በሌላ አገርም ያው ሰካራም ያንኑ ስካር እንደሚሰክር አረጋግጠዋል፤ ተመልካች ይህን ድግግሞሽ ሲለው፣ ሳይንስ ግን ማረጋገጫ ይለዋል።

የዘዴው ከፍታ የሚታየው በፍራሹ ላይ ነው። ከሆቴሉ ደጅ በቆመ ሐውልት ላይ ተሰክቶ የታየውን ፍራሽ ሦስቱ አስቀድመው የሰካራም ሥራ ነው ብለው ያልፉታል፤ ኋላ ግን ስቱ የቬጋስ ሆቴሎች መስኮት እንደማይከፈት ያስባል፣ ከመስኮት ካልተጣለ ደግሞ ከጣሪያ መሆን አለበት፣ በጣሪያውም ላይ ሙሽራው በፀሐይ ቀልቶ ይገኛል። እንዲህ ያለ የምንጭ ንባብ በየዩኒቨርሲቲው ቢሰጥ ባልከፋ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ የዚያች ሌሊት ፎቶግራፎች የሞሉት ካሜራ ይገኛል። ዋናው ሰነድ በመጨረሻ እጃቸው የገባላቸው ተመራማሪዎች ተመካክረው፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይተው ሊያጠፉት ወሰኑ።