ከዓሣ ወጥ የኮበለለው ፍሬ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡትን እትዬን ቦርጭ ያስጨነቃቸው ዘንድሮ ነው። ድሮ ቀሚሱ ሰፋ ስለሚል ገመናን ይሸፍን ነበር። ከፋሲካ በኋላ በነበረ ሰርግ ላይ ግን ሦስቴ ይዞራቸው የነበረው መቀነት ሁለቴ ዞሮ አለቀ።

አሜሪካ ያለችው እህታቸው መላውን በሰው ሻንጣ ላከችላቸው፤ አንድ ጠርሙስ ጋርሲኒያ ካምቦጂያ። ከምግብ በፊት ሁለት ሁለት ፍሬ። እትዬ አላጓደሉም። ሁለቱን ይውጡና ኪኒኑ ሥራ እንዳይፈታ ፍርፍሩን ደርበው ይጨምሩበታል።

የወንድማቸው ልጅ ፋርማሲ ይማራል። ቡና ሲፈላ ጠርሙሱን አገላብጦ አየና ሳቀ። ጋርሲኒያ ትንሽ ዱባ የሚመስል፣ የሞቃት አገር ፍሬ ነው። የደቡብ ሕንዶቹ ኬረላዎች ልጣጩን አድርቀው፣ እስኪጠቁር በጭስ አብስለው የዓሣ ወጥ ያኮመጥጡበታል። በአገሩ ሥራው ማስበላት ነው፤ ባሕር ሲሻገር ሙያ ቀየረ። ሰበቡ ልጣጩ ውስጥ ያለው ሃይድሮክሲሲትሪክ አሲድ ነው። ከተረፈ ምግብ ስብ የሚሠራውን ኢንዛይም ስለሚገታ አይጦች ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር።

ሰው ላይስ? ኒውዮርክ ውስጥ ስቲቨን ሃይምስፊልድና ባልደረቦቹ 135 ወፍራም ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ውጤቱን በ1998 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሁሉም የተመጠነ ምግብ ይበላሉ፤ ከፊሉ ጋርሲኒያውን፣ ከፊሉ ምንም የሌለበትን አስመሳይ ኪኒን ይውጣል። ጋርሲኒያ የዋጡት በአማካይ 3.2 ኪሎ ቀነሱ። ባዶውን የዋጡት 4.1።

«ታዲያ እህቴ ባዶውን አትልክልኝም ነበር?» አሉ እትዬ።

ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ አልሰሙትም። ጋርሲኒያን በቴሌቪዥን ያሞገሰው ዶክተር ኦዝ በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ እንደተጠየቀ ነገራቸው። ሰውየው የጥሬ ቡና ጭማቂም ያከሳል ብሎ ነበር። እትዬ ሦስተኛውን ስኒ አስቀመጡና ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ቡናውንማ ስንጠጣው ኖርን!»

ልጁ የኮስተረው ጉበት ላይ ሲደርስ ነው። ጋርሲኒያ ያለበት እንክብል ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ተደጋግሞ ወጥቷል። እትዬ ጠርሙሱ ላይ ያለውን «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ አሳዩት።

«ኮሶስ ከፋብሪካ ነው የመጣው አክስቴ?»

በማግስቱ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ልጅ ሄዱ። ጫማ አወለቁ፣ ነጠላ አወረዱ፣ ቦርሳ ለልጁ አስያዙ። አንድ ኪሎ ጨምረዋል። ከአጠገባቸው ከእንጦጦ የወረዱ ጭራሮ ተሸካሚ እናቶች ሸክማቸውን ግንብ ላይ አስደግፈው ያርፋሉ፤ ለእነሱ የሚያከሳ ኪኒን ልሽጥ የሚል አልተገኘም።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» ብለውት ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ጠርሙሱ ዛሬም ባንኮኒው ላይ ነው፤ ኪኒኑ ግን ተደፍቷል። ደንበኞች ጽሑፉን አንብበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቃሉ፦ «ይሠራል እንዴ እትዬ?»

«መርፌ ይይዛል።»