ግማሽ ሲደመር ግማሽ

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ባላችሁበት

ጉዳዩ፡- ለራሴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ እችል እንደሆነ መመሪያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በትምህርት ቤታችን አንድ አስቸጋሪ መምህር አለ። የ4ኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራል። በዚህ ወር ብቻ ሰባት ጊዜ ከክፍል ቀርቷል፤ ዕቅዱን በጊዜው አያስገባም፤ ደብተር አያርምም። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ ሊመክረው ቢሞክርም አልሆነለትም፤ ርዕሰ መምህሩም መምህሩም እኔው ነኛ!

ሁለቱን ሥራ ስትሰጡኝ ክብር መስሎኝ ነበር። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገሬ ሰው። ባላው እኔ መሆኔ የገባኝ በሁለቱም በኩል ስትንጠለጠሉብኝ ነው።

ጠዋት ተማሪ አሰልፌ፣ ሰንደቅ ዓላማ አሰቅዬ፣ የመምህራኑን የፊርማ መዝገብ ዘግቼ፣ ጠመኔዬን ይዤ ክፍል እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ክፍልፋይ ጀመርን። «ልጆች፣ አንድ ዳቦ ለሁለት ሲካፈል…» ብዬ ሳልጨርስ ዘበኛው አንኳኳ፤ መጻሕፍት የጫነ መኪና መጥቷል፣ ሞዴል 19 ይቆረጥ። ቆርጬ ስመለስ አንድ አባት የልጁን መሸኛ ፈልጎ በር ላይ ቆሟል። እሱን ሸኝቼ ወደ ዳቦው ስዞር ስልኬ ጮኸ። እናንተ ነበራችሁ፦ «የተማሪ ቁጥር በጾታና በዕድሜ ተለይቶ እስከ ስድስት ሰዓት ይላክ፤ አስቸኳይ!» በመስከረም ልኬዋለሁ፤ በጥቅምትም ደግሜዋለሁ። ልጆቹ በጾታ አልተለወጡም። በዕድሜ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዳቦውን ሲጠብቁ ትንሽ ጨምረዋል። 40 ደቂቃዋም አለቀች።

በማግስቱ ለስብሰባ ጠራችሁኝ። አጀንዳው «የክፍለ ጊዜ ብክነትን መቀነስ» ይላል። ዙሪያዬን ባይ አብዛኛው ተሰብሳቢ እንደኔው ክፍል ጥሎ የመጣ ነው፤ ስለ ብክነቱ የተወያየነው በተግባር እያሳየን ነበር ማለት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተነሣ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። ከመድረኩ «ችግሩ ከታች ነው» ተባለ። እውነት ነው። በዚያች ሰዓት ከታች፣ 4ኛ ክፍል፣ ልጆቼ ኳስ ይጫወቱ ነበር።

ኢንስፔክሽንም 26 ስታንዳርዶቹን ይዞ መጣ። «መምህራንን ክፍል ገብተህ ትመለከታለህ ወይ?» ተባልሁ። እመለከታለሁ። አንዱን ብቻ፣ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ላየው አልቻልሁም። ቅጹ ባዶ እንዳይሆን «በጣም ጥሩ» ሞላሁለት። «አስተያየት» በሚለው ሥር ደግሞ «ርዕሰ መምህሩ የቅርብ ድጋፍ ያድርግለት» ብዬ ጻፍሁ። እስካሁን አላደረገለትም።

አደራ፣ ማስተማሩን ንጠቁኝ ማለቴ አይደለም። ርዕሰ መምህር በሚለው ስም ውስጥ «መምህር» አለ። ክፍል የማይገባ ርዕሰ መምህር የትኛው ልጅ ማንበብ እንዳቃተው የሚሰማው ከሪፖርት ነው፤ እኔ ከልጁ አፍ እሰማለሁ። የምለምነው ሒሳቡ እንዲስተካከል ብቻ ነው። ክፍል ለያዘ ርዕሰ መምህር ቅጽ የሚሞላ አንድ ጸሐፊ ይመደብ። በጀት ከሌለ ስብሰባው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሁን። እሱም ካልተቻለ፣ በምዘና ቀን ግማሽ ሰው እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠር።

ክፍልፋዩን ትናንት ጨረስን። «አንድ ሰው ለሁለት ሥራ ቢካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ግማሽ!» አለች። በእናንተ የምዘና ቅጽ መሠረት ግን መልሱ ለእያንዳንዱ «አንድ ሙሉ» ነው። ልጅቷን ኤክስ ልስጣት ወይስ ራይት? ሳላርም ስለያዝሁት ውሳኔያችሁ በአስቸኳይ ይላክልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ

ግልባጭ
ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት
ለ4ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር፤ ክፍል ሲገኝ ይሰጠው