ኤ እና ቢ ጡረታ ወጥተዋል

ዕድሜያቸውን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱ ወይዘሮ፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ቤታቸው ኮምፒውተር ገባ። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው የላከው ነው። አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ አልተሄደም፤ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር የእህታቸው ልጅ ተመደበች፤ ደመወዟ የቅዳሜ ምሳ። ልጅቱ ወንበሯን ሳብ አድርጋ «ፋይል ማለት ምን መሰለዎት፣ እትዬ…» ስትል ወይዘሮዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋትና ዝም አሉ። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይህ ነው።

እንዲያውም ሙያውን የቀዳው ኮምፒውተሩ ነው። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1981 «ስታር» የተባለውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ፣ የቢሮ ሠራተኛው እንግዳ እንዳይሆንበት ስክሪኑ ላይ የሳለለት ጠረጴዛው ላይ የሚያውቀውን ነበር፦ ወረቀት፣ ፎልደር፣ የፋይል መሳቢያ፣ የገቢና የወጪ ደብዳቤ ማስቀመጫ። ዋጋው ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ስለነበር ገዢ አልበዛለትም። ሐሳቡ ግን በአፕልና በማይክሮሶፍት በኩል ዞሮ እኚህ ወይዘሮ ሳሎን ደረሰ።

የደረሰው ግን የራሱን አመል ይዞ ነው።

«ይሄ ሲ የሚባለው ዋናው ማስቀመጫ ነው።»

«ኤ እና ቢስ?»

«ጡረታ ወጥተዋል፣ እትዬ።»

ልጅቱ አላሾፈችም። ኤ እና ቢ የፍሎፒ ዲስክ ቦታዎች ነበሩ። የመጨረሻዋ የታወቀችው ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት ትይዝ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ከሚነሱት ፎቶዎች አብዛኞቹን አንዱን እንኳ አትችልም። ፍሎፒ ከገበያ ከጠፋ በኋላም ሃርድ ዲስኩ ከሦስተኛ ወንበሩ ፈቅ አላለም። ይህ ወይዘሮዋን ጨርሶ አልገረማቸውም። በመሥሪያ ቤታቸው አንድ የሥራ መደብ ሰው ሳይተካበት ስንት በጀት ዓመት እንደሚያልፍ ያውቃሉ።

ያስቆጣቸው ሌላ ነው። ለተከራያቸው የቤት ኪራይ ውል ፎልደር ሊከፍቱ፣ «ወ/ሮ» ሊሉ «ወ» ብለው ጻፉ፤ እዝባሯን ሲመቱ ማሽኑ ምልክቷን ሳይቀበል የተከለከሉትን ዘርዝሮ ብቅ አለ። ዊንዶውስ እዝባርን፣ ወደ ቀኝም ያዘንብል ወደ ግራ፣ የሚያነበው በፎልደርና በፎልደር መካከል እንዳለ ድንበር ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1983 የዊንዶውስ ቀዳሚ በሆነው በዶስ 2.0 ፎልደርን በፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ከፈቀደ ወዲህ ነገሩ እንዲሁ ነው። በእሱ ቤት «ወ/ሮ» ማለት «ወ» የሚባል ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ «ሮ» ነው። ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ኃ/ማርያም፣ ገ/ሥላሴ፦ ግማሹ የአገሩ ሰው በምኅጻረ ቃሉ ፋይል ሊከፈትለት አይችልም። ወይዘሮዋ «ወይዘሮ» ብለው ዘርዝረው ጻፉና ቀጥለው «2016 ዓ.ም.» የሚል ከፈቱ። ማሽኑ ያለ ምንም ቃል ተቀበለና የመጨረሻዋን ነጥብ ዋጣት። ደግመው ጻፉ፤ ደግሞ ዋጣት። ነጥብ ከጎደለው ደብዳቤ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ያን ቅዳሜ ምሳው ዘገየ።

በቀጣዩ ትምህርት ለመብራትና ለውኃ ደረሰኝ 13 ፎልደሮች ከፍተው የወሮቹን ስም ሰጡ። ሲጨርሱ ዓመቱ በሐምሌ ጀመረ። መስከረም ሁለተኛ፣ መጋቢት ሦስተኛ፤ ጥቅምት ከጥር ኋላ አሥራ ሁለተኛ። ማሽኑ የደረደረው በሀሁ ተራ እንጂ በወቅት አይደለም። ከ13ቱ መካከል ቦታዋን ያልለቀቀችው ጳጉሜን ብቻ ነበረች፤ እሷም በ«ጰ» ስለምትጀምር እንጂ ዘመን መለወጫን አስባ አይደለም። ልጅቱ መላውን እስክትናገር አልጠበቁም፤ እያንዳንዱን ስም በ01፣ በ02 አስጀመሩት። ማኅደርን በቁጥር ማስያዝ ማን ያስተምራቸዋል?

ፍለጋውም ግትር ነው። «ፀሐይ» ተብሎ የተቀመጠው «ጸሐይ» ተብሎ ሲፈለግ የለም ይላል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲመዘግብ ለ«ፀ» እና ለ«ጸ» የየራሳቸውን ቁጥር ስለሰጠ፣ ለማሽኑ ዝምድና የላቸውም።

ከዚያ መጎተት መጣ። ወይዘሮዋ ማውዙን ተጭነው አንድ ደብዳቤ ከፎልደር ወደ ፎልደር ጎተቱ፤ ሄደ። ያንኑ ደብዳቤ በዚያው ጣት ወደ ፍላሽ ጎተቱ፤ ተባዛ።

«በአንድ ድራይቭ ውስጥ ሲሆን ይዛወራል፣ ወደ ሌላ ድራይቭ ሲሆን ኮፒ ይሆናል፣ እትዬ።»

«ዋናው የቱ ነው፣ ግልባጩስ?»

ልጅቱ መልስ አልነበራትም። ሁለቱም ስማቸው አንድ፣ መጨረሻ የተነኩበት ቀን አንድ፣ ማኅተም የላቸው፣ ፊርማ የላቸው። በዚህ በኩል፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብሎን የጎደለው የብረት መደርደሪያ ይሻላል። ዴሊት የተደረገው ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንደሚቆይ ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከፍላሽ ላይ የሚጠፋው ግን እዚያ ሳይደርስ በቀጥታ እንደሚሄድ ሲነገራቸው «ኮሚቴ ሳይሰየም?» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

ፍርሃታቸው ልክ ነበር። ልጅቱ የቤት ሥራዋን ልታሳትም፣ ወሮቹም የተገለበጡበትን ፍላሽ ሰፈር ያለ ኮፒ ቤት ወስዳ መለሰችው። ሲሰካ 13ቱ ወሮች አሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ለጥፈዋል፤ ክብደታቸውም ከአንድና ከሁለት ኪሎባይት አይበልጥም። ኮፒ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ይህን ቫይረስ ያውቀዋል፦ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ያንን የከፈተ ቫይረሱን ራሱን ያስነሣል። ልጅቱ የተደበቁት እንዲታዩ አዝዛ ወሮቹን ደብዘዝ ብለው ተሰልፈው አገኘቻቸው። አንድም ደረሰኝ አልጠፋም።

ወይዘሮዋ ግን በማግስቱ ባለመስመር ደብተር ገዝተው አምድ አሰመሩ፦ ፍላሹ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ የተረካቢ ፊርማ፣ ሲመለስ የነበረበት ሁኔታ። የመጀመሪያዋ ፈራሚ መምህርቷ ሆነች። እስካሁን አልመለሰችም፤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፣ ግልባጩ ለእናቷ።