ካህራባ ማፊ

መኪናዋን የገዛኋት በቅናት ነው። ለጎረቤት የምነግረው ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ የነዳጅ መወደድ፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የመጪው ትውልድ ዕጣ እያልኩ። ባለቤቴ ግን ሐቁን ታውቀዋለች። ያስቀናኝ አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መከልከሉ እንደተነገረ፣ ሰውየው ዕድሜ ጠገብ ኮሮላውን ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ሰላምታ የለውም። «የነዳጁ ነገር እንዴት አድርጓችኋል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ማታ ግቢው ውስጥ ሰክቷት ያድራል፣ ጠዋት ነቅሎ ይሄዳል። የአገሪቱ መብራት ከመቶው ዘጠና የሚበልጠው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላማ «እኔ እኮ የምነዳው በዓባይ ነው» ማለት አመጣ። አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ ሐዋሳ ወረደና ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ መጓዙን የሚመሰክር ፎቶ ላከልን። ፎቶው ላይ የሚታየው ግን የተጠበሰ ዓሣ ብቻ ነበር።

እኔ የምኖረው ጁባ ነው፤ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ደቡብ ሱዳን ነዳጅ ከምድሯ እያወጣች የምትሸጥ አገር ናት። ድፍድፉ በሱዳን በኩል በቧንቧ ፖርት ሱዳን ይወርዳል፤ የተጣራው ደግሞ ከሌላ ባሕር፣ ከሞምባሳ፣ በቦቴ ተጭኖ በኡጋንዳ በኩል ይመጣል። ሲጠፋ መንገድ ዳር በውኃ ላስቲክ ተሞልቶ ይሸጣል። አንድ ጊዜ ጠምቶት ሊገዛ የቀረበ እንግዳ አይቻለሁ፤ ሻጯ «ቤንዚን ነው» ብላ ባትጮህበት ኖሮ የዚያን ሰው ታሪክ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፈው። መብራትን በተመለከተ ደግሞ ጁባ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው የዓረብኛ ዐረፍተ ነገር «ካህራባ ማፊ» ነው፤ መብራት የለም ማለት ነው። በመስመር የሚያገኝ ሰፈር አለ፤ የቀረው በጣሪያ ሶላር ወይም በጀነሬተር ነው የሚያድረው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁት እንግዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ ነው።

ትንሽ የቻይና መኪና ናት፤ ባትሪዋ 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ወረቀቷ ላይ በአንድ ሙሌት 400 ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ተጽፏል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው የለካት ነፋሻ ቀን፣ ለጥ ባለ መንገድ፣ ብቻዋን ቀስ እያለች ስትሄድ ሳይሆን አይቀርም። ሞምባሳ ወደብ ወርዳ በካምፓላና በኒሙሌ በኩል በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተኝታ ነው ጁባ የገባችው። ወሮች አለፉ፣ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልሄደችም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ለፍሪጁ ጀነሬተር ሲነሳ እሷም ጥግ ላይ ሆና አብራ ትጠባለች።

«ወንድሜ ሐዋሳ ደረሰ» አለች ባለቤቴ አንድ ማታ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ አላስፈለጋትም።

ከጁባ በአስፋልት ራቅ ብለው ልሂድ ካሉ ኒሙሌ አለች። 192 ኪሎ ሜትር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሠርቶ ያለቀ፣ በአሜሪካ ገንዘብ የተሠራ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም አስፋልት። ጁባ የምትበላው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የምትጠጣው ቢራ፣ የምትለብሰው ሁሉ በዚያ ነው የሚገባው። ኒሙሌ ላይ ደግሞ ነጭ ዓባይ ተጨምቆ የሚወርድበት የፉላ ፏፏቴ አለ። «እሱ ሐይቅ ካየ እኛ ፏፏቴ እናያለን» አልኩ።

ሦስተኛው መንገደኛ ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። በደጉ ዘመን የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ፤ በኤንትሬ ፊያት ጨው በር ላይ እስኪደርቅ ተመላልሰዋል። አሁን ልጃቸው ዘንድ ጁባ ተቀምጠዋል። መኪናዋ የመጣች ቀን ሁለት ጊዜ ዞሯት፣ ጎንበስ ብለው ከኋላ አዩና «ጭስ ማውጫዋስ?» አሉ። የላትም አልኳቸው። «እንግዲህ የሚገባው ነገር በየት እንደሚወጣ እናያለን» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ገና ጎህ ሲቀድ የጁባን ድልድይ ተሻግረን ጉምቦን አለፍን። 100 ፐርሰንት። ባለቤቴ ዳቦ ቆረሰች፣ ጋሼ ሥርዓት ባለው ሰው ወግ አማተቡ። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ ጋሼ በየአምስት ደቂቃው «አልጠፋችም አይደል?» ይላሉ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ነቃ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከሙቀቱ የተነሳ ትምህርት ቤት የዘጋበት አገር ነው። ኤሲውን ስከፍት ይሄዳል የተባለው ርቀት ዓይኔ እያየ ቀነሰ። ዘጋሁት። ባለቤቴ ከፈተችው። ዘጋሁት። «በላብ ታጥቤ ፏፏቴ ለማየት ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ያየ ሰው የለም፤ ሦስታችንም ዓይናችን እንደ አስታማሚ ፐርሰንቱ ላይ ተተከለ። ሰባ አንድ። ሰባ። ጋሼ ስልሳ ዘጠኝ ላይ «ነፍስ ይማር» አሉ።

አንድ ኬላ ላይ ወታደሩ ኮፈኑን እንድከፍት በእጁ አመለከተኝ። ከፈትኩ። ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ወይን መከና?» ሞተሩስ የት አለ?

«ማፊ። ካህራባ» አልኩት።

እንደገና ጎንበስ አለ። ሁለት ጓደኞቹን ጠራ። ሦስቱ ጭንቅላታቸውን ኮፈኑ ውስጥ አስገብተው ተማከሩ። በመጨረሻ የመጀመሪያው ወጣና እጁን በጁባ አቅጣጫ ዘርግቶ፣ «ጁባ ካህራባ ማፊ፤ አረቢያ ካህራባ ፊ?» አለኝ። ከተማው መብራት የለው፣ መኪናው አለው? ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ስቀው አሳለፉን፤ ከኋላችን «ሀበሺ! ሀበሺ!» እያሉ ሲስቁ ለረጅም ጊዜ ተሰማን።

ኒሙሌ ስንደርስ 23 ፐርሰንት ቀርቷል። 400 ያለው ወረቀት ኪሴ ውስጥ አፍሮ ተኮራመተ።

ያረፍንበት ፔንሲዮን ጀነሬተር ነበረው። ቻርጀሩን ስሰካ ቀይ መብራት አበራ፤ አልጠባም አለ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ተማጸንኩ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ስልክ የሚጠግን አንድ የኡጋንዳ ልጅ አስጠራልኝ። ልጁ ሽቦውን በቴስተር ነካ ነካ አደረገና «ግራውንድ የለውም» አለ። ባለቤቴ እግሯ ሥር ያለውን አቧራ እያየች «መሬት ሞልቶ?» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የዚህ ዓይነት ቻርጀር ከመስመሩ አንዱ ሽቦ ከመሬት ጋር መታሰሩን ሳያረጋግጥ አይሠራም፤ ጀነሬተሮች ደግሞ ብዙዎቹ ሳይታሰሩ ነው የሚሸጡት። ልጁ አንድ ፌሮ ብረት መሬት ውስጥ በመዶሻ ቀበረ፣ ውኃ አፈሰሰበት፣ ኒውትራሉን ከሱ ጋር አሰረ። አረንጓዴ በራ። ጋሼ በሕይወታቸው ብረት ተተክሎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በአንድ ቀን ፍሬ ሲሰጥ ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ተናገሩ።

ከዚያ ጥበቃ ነው። እንዲህ ያለ ተንጠልጣይ ቻርጀር በሰዓት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ቢሞላ ነው። ሐዋሳ ላይ ዓሣ እስኪጠበስ የሚጠበቀው ጊዜ እኛ ዘንድ ዓሣው ተረግዞ፣ ተወልዶ፣ አድጎ እስኪጠመድ ሆነ። ፏፏቴውን ማን ይሂድ? ጀነሬተሩ ናፍጣ በጨረሰ ቁጥር ገዝቶ የሚያመጣው እኔ ነኝ። ጋሼ እርሳስና የሲጋራ ካርቶን አስመጡ።

«ከአንድ ሊትር ናፍጣ ስንት መብራት ይወጣል?»

«ደህና ጀነሬተር ከሆነ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።»

«እዚህ ለመድረስ ስንት በላች?»

«ሠላሳ።»

ጻፉ፣ አካፈሉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «አሥር ሊትር። ልጄ፣ ቪትዝም እኮ ኒሙሌ የምትደርሰው በአሥር ሊትር ነው።» ካርቶኑን ሰጡኝ። «ልዩነቱ ቪትዝ እራሷ ትጠጣለች፤ ያንተዋ በጀነሬተር አፍ ታስጠጣለች። ባለሟል ይዛለች።»

በዚያው ሰዓት አማቼ ደወለ። የሚሰማውን ድምፅ ጠየቀኝ። ፏፏቴው ነው አልኩት። ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ፏፏቴው ከእኛ የራቀው ጥቂት ብቻ ነበር፤ ከሱ መብራት ይወጣል እየተባለ ሲታቀድም ዓመታት አልፈዋል። እኔ ቀድሜ በናፍጣ አወጣሁለት። አማቼ ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለደቡብ ሱዳን 100 ሜጋዋት ልትሸጥ መፈራረሟን፣ መስመሩም ከጋምቤላ ማላካል እንደሚዘረጋ አስታወሰኝ። «ማላካል ሂድና ጠብቅ» አለኝ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የፔንሲዮኑ ጀነሬተር አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። 64 ፐርሰንት።

በዚያ መንገድ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚነዳ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ባለዕዳ፤ ስለዚህ ንጋቱን ጠብቀን ተነሳን። ያለ ኤሲ፣ በሰዓት በስልሳ ኪሎ ሜትር፣ ከሽንኩርት ጫኝ ከባድ መኪኖች ኋላ ተለጥፈን። ኮረብታዎቹን ስንወርድ እግሬን ከመርገጫው አነሳሁ፤ 61 የነበረው 62 ሆነ።

ጋሼ ወደ ፊት ተስበው ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ። «ጨመረ?»

«ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ይሆናል። ጎማው እያዞረው መልሶ ይሞላል።»

ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። ጁባ እስክንቃረብ ድረስ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ጣርማ በር» አሉ። «ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት። ከባቲ ወደ ሚሌ። ያንን ሁሉ ጭነት ይዤ በማርሽ እየታገልኩ፣ የፍሬን ሽታ አፍንጫዬን እየቆረጠው። ስንቱን ቁልቁለት በከንቱ አቃጠልኩት!» መሐረብ አወጡ። «በዚህች ቢሆን አሰብ ስገባ ሙሉ ነበርኩ።»

«ጋሼ፣ መመለሻውስ? አቀበት አይደለም?» አለች ባለቤቴ።

«የመመለሻውን ኤንትሬው ይጎትታት ነበር» አሉ ተቆጥተው።

ጁባ ድልድይ ላይ ስንደርስ 4 ፐርሰንት ነበር። ጸሎት እያደረስን ቤት ገባን።

መኪናዋን ለመሸጥ ወሰንኩ። ለሁለት ቀን ከምግብ ቤቱ ጀነሬተር አጠጥቼ ሞላኋት፤ ለገዢ ሙሉ ሆና ትታይ ብዬ። በሦስተኛው ቀን ጀነሬተሩ ሞተ። ዕቃው ከካምፓላ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል ተባለ፤ ፍሪጁ ውስጥ ሥጋ አለ። ያን ጊዜ ነው ከመኪናዋ ጋር የመጣውን፣ ምን እንደሚያደርግ ያልገባኝን ገመድ ያስታወስኩት። ጫፉ ላይ ሶኬት አለው። ፍሪጁን ሰካን፤ አጉረመረመ፣ ሠራ። ፍሪጅ በቀን የሚበላው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው፤ አምፖል ጨመርን፣ ማራገቢያ ጨመርን። ማታ የሰፈሩ ሰው ስልኩን ይዞ በር ላይ ተሰለፈ።

«ይህ ሁሉ እኮ ሟቹ ጀነሬተር ያወረሰን ነው» አሉ ጋሼ።

የሚሸጥ ነገር የለም አሁን። ጋሼ ከምሳ በኋላ ወደ ቆመችው መኪና ይገባሉ፣ ወንበሩን ያስተኛሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ኤሲ ያስከፍታሉ። ትናንት እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ አማቼ ደወለ።

«ምን ላይ ናችሁ?»

«መኪና ውስጥ» አልኩት።

«የት ደረሳችሁ?»

ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን አነሱ። «ጣርማ በርን እየወረድን ነው በለው።»