ወይም ተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ

ድሮ ልጅ ሲማር ምን እንደሚወጣው ይታወቅ ነበር። ሕክምና የተማረ ያክማል፣ መምህርነት የተማረ ያስተምራል፣ ያልተማረ ደግሞ እንደኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፋል። አሁን የልጅ ልጄ አራት ዓመት ሙሉ ኮሙኒኬሽን ልማር ብላ ተነሥታለች። «ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ስላት «አባባ፣ ኮሙኒኬሽን እኮ ሰፊ ነው» አለችኝ። ስፋቱንማ መች አጣሁት፤ ያጣሁት ዳሩን ነው።

ደግሞ ይቺ ልጅ መናገር ጎድሏት አይደለም። አከራዩ ኪራይ ሊጨምር ሲመጣ እናቷ ጓዳ ትገባና እሷን ትልካታለች። ሰውዬው ቡናውን ጠጥቶ፣ ስለ አመጣጡ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። ይህን አንደበት ይዛ ገብታ ምን ሊጨምሩላት ነው?

«መንግሥት አይደል የሚያስተምረኝ» ትላለች። መንግሥት ያስተምር የነበረው ድሮ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የወጪ መጋራት የሚባል ነገር አለ፤ ልጆቹ ኮስት ሼሪንግ ይሉታል። የምግብና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያውም ወጪ 15 በመቶው በተማሪው ስም ይመዘገባል። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፈላል። ዕድሜዬን ሙሉ ውል ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ እንዲህ እየተሳቀ የሚፈረም የዕዳ ውል ግን አላየሁም። ዕዳው እስኪዘጋ ድረስ የዲግሪው ኦሪጅናል አይገኝም፤ ልጁ ቴምፖ የሚሉትን ጊዜያዊ ማስረጃ ላስቲክ ውስጥ ከቶ ይዞራል።

ይህ እንግዲህ መንግሥት የሚቆጥረው ነው። የስፖንጅ ፍራሹን፣ የብርድ ልብሱን፣ የበሶውንና የዳቦ ቆሎውን ማን ይቁጠር? ላፕቶፑስ? አሮጌ አይሆንም አሉ፤ ቪዲዮ የሚያቀናብር መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ቴሌብር ነው። ድሮ ለልጅ ገንዘብ ለመላክ ባንክ እንሰለፍ ነበር፤ ሰልፉ ረዝሞ «ነገ እልካለሁ» ማለት ይቻል ነበር። አሁን «ብር አልቆብኛል» የሚለው መልእክት ሲገባና የኔ ገንዘብ ሲወጣ መሃሉ ላይ ትንፋሽ መሰብሰቢያ እንኳ የለም። በዚህ በኩል ኮሙኒኬሽኑን ሳትማረው ተክናበታለች።

አራቱ ዓመት አለቀ እንበል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተና መጥቷል፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። መግባቱ በፈተና፣ መውጣቱም በፈተና። አለፈች እንበል፤ የመንግሥት ሥራም አገኘች እንበል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ባለው የደመወዝ ስኬል ለጀማሪ የዲግሪ ባለቤት 11,500 ብር ነው። ግብሩ ይነሣ፣ 7 በመቶው ጡረታ ይነሣ፣ ኮስት ሼሪንጉ 1,150 ብር ይነሣ። በተረፈው አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራዪ ብዬ አልረግማትም፤ የልጅ ልጄ ናት።

ሥራውስ አለ ወይ? እሑድ እሑድ ሪፖርተር ጋዜጣ ገዝቼ ዜናውን ዘልዬ የሥራ ማስታወቂያውን አነባለሁ። «የኮሙኒኬሽን ባለሙያ» ይላል። ተፈላጊው የትምህርት ደረጃ ላይ ስደርስ ደሜ ይፈላል፦ «በጋዜጠኝነት፣ በኮሙኒኬሽን፣ በቋንቋ፣ በሥነ ጽሑፍ፣ በማርኬቲንግ ወይም ተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ»። ተመሳሳይ! የሒሳብ ሠራተኛ ሲፈልጉ ግን አካውንቲንግ ይላሉ፣ ቢበዛ ፋይናንስ ይጨምራሉ፣ በሩን ይዘጋሉ። ሐኪም ፈልጎ «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ሆስፒታል ካያችሁ ንገሩኝ፤ በደጁ እንዳላልፍ። የማርኬቲንጉም የሥነ ጽሑፉም ልጅ በእሷ በር ሰተት ብሎ ይገባል፤ እሷ ግን በማንም በር አትገባም። ከሥሩ ደግሞ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ልምዱን የሚሰጥ ማስታወቂያ እስካሁን አልወጣም።

ፍርደ ገምድል አልሁን፤ መሥሪያ ቤት ሞልቷል። በ2001 ዓ.ም. የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቀርቶ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም፣ ሕዝብ ግንኙነት ይባል የነበረው ሁሉ ቀስ በቀስ ኮሙኒኬሽን ተባለ፤ ወረዳ ድረስ ወረደ። ባነር ያሠራሉ፣ ቆብና ቲሸርት ያሳትማሉ፣ ኃላፊው ሪባን ሲቆርጥ ፎቶ አንሥተው ፌስቡክ ላይ «በድምቀት ተከበረ» ይላሉ። በኋላ ባለጉዳዩ ከዚያው መሥሪያ ቤት የተሰጠውን ደብዳቤ ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። «ያቀረቡት ጥያቄ በሚመለከተው አካል እየታየ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል ደብዳቤው። «ሂድና ቆይተህ ና ነው የሚሉህ» እለዋለሁ፤ አመስግኖ ይከፍለኛል። ኮሙኒኬሽን በተስፋፋ ቁጥር ገበያዬ ደርቷል።

ይህን ሁሉ ነግሬያት፣ ጨርሼ ልረታት ጋዜጠኛውን ጳውሎስ ኞኞን ጠራሁባት። ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም፤ ግን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ በ«አንድ ጥያቄ አለኝ» ዓምዱ አገር ሲያስነብብ ኖረ። እሷ ወዲያው ደራሲውን በዓሉ ግርማን አመጣችብኝ፤ «ሚሺጋን ድረስ ሄዶ የተማረ ነው፣ አባባ» ብላ። ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው፣ ጳውሎስን ጳውሎስ ያሰኘው የታሪክ መዝገብ ማገላበጡ ነው፤ በዓሉንም «ኦሮማይ»ን ያስጻፈው አስመራ ላይ ያየው ነው። አንዱ ተምሯል፣ አንዱ አልተማረም፤ ሁለቱም ግን የሚሉት ነበራቸው።

ይህን ከጠረጴዛዬ አውቀዋለሁ። አጠገቤ ይጽፍ የነበረ አንድ ባልደረባዬ፣ ማመልከቻው ሲነበብ ዘበኛው ሳይቀር ያለቅስ ነበር። መዝገብ ቤት ግን ይመልስበታል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 የክስ ማመልከቻ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፦ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። ዕንባ በቁጥር 222 ውስጥ የለም። እኔ ያን ያህል አላስለቅስም፤ ቁጥሩን ስለማውቅ ግን ሰው ወደኔ ተሰለፈ። ጤና የማያውቅ ሰው ስለ ክትባት ምን ብሎ ሊያስረዳ ነው? እርሻ የማያውቅስ ገበሬውን ምን ሊለው ነው? ዲግሪው የአነጋገሩን መንገድ ያሳይ ይሆናል፤ የሚነገረውን ከሌላ ቦታ ማምጣት የእሷ ፋንታ ነው።

ስለዚህ ፈቀድኩ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ ጤናም ይሁን እርሻ፣ ሕግም ይሁን ስታቲስቲክስ፣ አንድ ነገር ጠልቃ ታውቃለች። ሁለተኛ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት በለቀመችው አትተወውም፤ እንግሊዝኛዋም ስብሰባ ላይ የማያሳፍራት ይሁን፤ ደህና ደመወዝ የሚከፍሉት የእርዳታ ድርጅቶች መጀመሪያ የሚፈትኑት እሱን ነው። ሦስተኛ፣ ክረምት ክረምት ሌላው ሲዝናና አጠገቤ ተቀምጣ፣ የባለጉዳዩን የግማሽ ቀን ወሬ በአንድ ገጽ መጻፍ ትማራለች።

ታኮርፋለች ብዬ ነበር፤ ፊቷ በራ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ኢንተርንሺፕ ነው!»

«ክፍያ አለው?» አልኳት፣ ለማስተማሬ የሚከፈለኝ መስሎኝ።

«የለውም። የተማሪው ትራንስፖርትና ምሳ ብቻ በድርጅቱ ነው የሚሸፈነው።»

ድርጅቱ እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው።