ምርመራ የሚያሻው መመርመሪያ

ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት የተሠራ ሞተር ሳይክል ሕመሙን በኮድ አይናገርም። ይንተፋተፋል፣ ይስላል፣ ያጨሳል፤ ሲያሻው ደግሞ ያኮርፋል። የሕመሙ መመርመሪያዎች በ1950ዎቹ፣ በ60ዎቹና በ70ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩ የክፍተት መለኪያዎች፣ ባለ መርፌ ሜትሮችና የስትሮብ መብራቶች ናቸው። እነዚህን ከየቦታው ለቅሞ በአንድ ሣጥን ማሟላት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ለአንዳንዱም ራሱን የቻለ አባዜ። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ቴምብሩ ይዋሸኛል ብሎ አይሰጋም። መመርመሪያ ሰብሳቢ ግን ሞተሩን ሊመረምር የሚነሳው ከሞተሩ እኩል ባረጀ ዕቃ ስለሆነ፣ አስቀድሞ መመርመሪያውን መመርመር ይኖርበታል።

የስብስቡ መነሻ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ጋር ከፋብሪካ የወጣው የመፍቻ ጥቅል ነው። በዚህ ረገድ የቢኤምደብሊው ጥቅል ስመ ጥር ነው፤ ሄይኮና ማታዶር የተባሉ የጀርመን አምራቾች መፍቻዎች ሲኖሩበት፣ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ሳይቀር ታክሎበታል። እጅ ለመጥረግ የተሠራው ይህ ጨርቅ ሰብሳቢ ፊት የሚከበረው ማንም እጁን ካልጠረገበት ብቻ ነው። ጥቅሉ ለመፍታትና ለማሰር ይበቃል፤ ለምርመራ ግን ከክፍተት መለኪያ የዘለለ ብዙ ነገር አይገኝበትም።

የእንግሊዝ ሞተር፣ ማለትም ትራያምፍ፣ ቢኤስኤ ወይም ኖርተን ያለው ሰው ምርመራ ሳይጀምር ፈተናው ከመፍቻው ይነሳል። ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ባወጣው የብሎን ደረጃ መሠረት መፍቻው ላይ የሚጻፈው የአፉ ስፋት ሳይሆን የብሎኑ ውፍረት ነው። 1/4 ዊትዎርዝ የሚል መፍቻ አፉ ሲለካ 0.525 ኢንች፣ ማለትም 13.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። 13 ቁጥር አይገባለትም፤ 14 ቁጥር ገብቶ ይሽከረከርና የብሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። ትራያምፍ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ሌላ የጥርስ ደረጃ መሻገር ሲጀምር ለውጡ በአንድ ጀንበር ስላልነበር፣ የዚያን ጊዜ ሞተሮች ላይ ሁለቱም ዓይነት ተቀላቅሎ ይገኛል። ለመካኒኩ ይህ ራስ ምታት ነው፤ ለሰብሳቢው ግን ሁለት ሙሉ ስብስብ ለመግዛት ከሰማይ የወረደ ሰበብ። የጃፓን ሞተሮች በበኩላቸው የመስቀል ብሎናቸው የራሱ ካቻቪቴ አለው። የተለመደው የፊሊፕስ ካቻቪቴ የገጠመ መስሎ ገብቶ፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ተንሸራቶ ይወጣል፤ የብሎኑንም ቀዳዳ ጉድጓድ አድርጎት ይሄዳል።

የክፍተት መለኪያ ተራ ዕቃ ቢመስልም ዋናው ምስክር እሱ ነው። በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ750 ለአየር ማስገቢያ ቫልቩ 0.05፣ ለጭስ ማውጫው 0.08 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ስለዚህ ከመለኪያው ቅጠሎች ሁሉ ብዙ የሚሠራው 0.05 የተጻፈበት ነው፤ ብዙ ስለሚሠራም ተጣጥፎ የተቃና፣ ጫፉ የተበላ፣ ሲብስም የዛገ ሆኖ ይገኛል። ማንም የማይፈልገው የ1 ሚሊሜትሩ ቅጠል ግን እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። የዛገውን ቅጠል አምኖ ቫልቭ ከማስተካከል በፊት በማይክሮሜትር መለካት ይገባል። ማይክሮሜትሩስ በምን ይረጋገጣል ብሎ የጠየቀ ሰብሳቢ፣ ለማረጋገጫ ብረቶች አንድ ተጨማሪ መሳቢያ መክፈቱ አይቀርም።

ብልጭታው የሚነሳበትን ቅጽበት መያዝ የዚህ ሙያ ጣፋጩ ክፍል ነው። ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ የሲጋራ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በተዘጋው ፑንቲና መሐል ይገባና በሁለት ጣት ሳብ ተደርጎ ይያዛል፤ ሞተሩ በእጅ ቀስ እያለ ሲዞር ወረቀቱ ሳይቀደድ ሸርተት ብሎ የሚወጣበት ነጥብ ፑንቲናው የተከፈተበት፣ ማለትም ብልጭታው የሚነሳበት ነው። ፒስተኑ ያኔ የት እንዳለ ለማወቅ በካንዴላው ቀዳዳ የብስክሌት ራጂ ይሰደዳል። ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ሣጥን ውስጥ የሲጋራ ወረቀት፣ ብስክሌት በሌለበት ቤት የብስክሌት ራጂ የሚገኘው ለዚህ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ የሚገጠም ፊሽካም አለ፤ ፒስተኑ ወደ ላይ እየወጣ አየሩን ሲገፋው ይጮኻል፣ ጫፍ ሲደርስ ዝም ይላል። ትክክለኛ ዕቃ ነው፤ ጎረቤት ግን ይህን በቀላሉ አያምንም።

ስትሮብ መብራት ከካንዴላው ገመድ ምልክት እየተቀበለ በእያንዳንዱ ብልጭታ ብልጭ ስለሚል፣ የሚሽከረከረውን ብረት የቆመ ያስመስለዋል። ከ1969 ጀምሮ በ70ዎቹ በተሠሩት፣ ሲሊንደሮቻቸው በግራና በቀኝ በተዘረጉት ቢኤምደብሊዎች ላይ ከሞተሩ በስተግራ ያለው የላስቲክ ድፋን ሲነሳ ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ፍላይዊሉ ላይ የተቀረጸው የኤስ ምልክት፣ ነዳጅ ሲጨመርበት ደግሞ የኤፍ ምልክት እዚያ መስኮት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የጥንቶቹ የኒዮን ስትሮቦች ብርሃናቸው ደካማ ስለሆነ ምልክቱ የሚታየው በጨለማ ነው። ለጨለማው ሲባል ጋራዥ ዘግቶ ሞተር ማስነሳት ግን በጭስ መመረዝ ስለሆነ፣ ሥራው ደጅ ላይ አመሻሹን ይጠብቃል። የቆመ የመሰለው ብረት እንዳልቆመም መዘንጋት የለበትም፤ ጣት የሰደደ ሰው ልዩነቱን ያውቃል።

የኤሌክትሪኩ ክፍል ንጉሥ ብዙ መለኪያን በአንድ ያጣመረው አቮሜትር ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ የነበረው ዶናልድ ማካዲ ይህን ሜትር የፈለሰፈው ብዙ መለኪያ ተሸክሞ መዞር ስለሰለቸው ነው። በ1923 ገበያ ላይ ዋለ፤ መመረቱ የቆመው በ2008 ነው። ሰብሳቢዎች የሰውየውን ድካም ከንቱ አድርገው፣ አንዱን ሜትር በየሞዴሉ እየገዙ እንደገና ብዙ መለኪያ ተሸክመው ይዞራሉ። በታዋቂው ሞዴል 8 ሰሌዳ ላይ ቀጭን መስታወት አለ፤ አንድ ዓይን ጨፍኖ መርፌው የራሱን ምስል እስኪሸፍን ድረስ ጭንቅላትን ማስተካከል ነው፣ ያኔ ንባቡ አይዛነፍም። ችግሩ፣ ከፍተኛውን የኦም መጠን ለመለካት ዛሬ እንደ ልብ የማይገኝ ባለ 15 ቮልት ባትሪ መፈለጉ ነው። ብልሃተኛው አምስት ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ደርድሮ ይገላገላል።

ሜትሩ ቢሠራም የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ሌላ ወጥመድ አላቸው፤ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። እንደ ልማዱ ጥቁሩን ገመድ ሻንሲው ላይ የሰካ ሰው መርፌው ወደ ኋላ ሲሸሽ ያያል። የእንግሊዙን የሉካስ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሰዎች በቀልድ ከጨለማ ጋር ያያይዙታል። ቀልዱ ያስቃል፣ ፍርዱ ግን አድሏዊ ነው፤ ብዙውን ጨለማ ያመጣው የዛገ የሻንሲ ግንኙነት ነው። ይህን ለማግኘት ደግሞ ንጉሡ ሳይጠራ ሁለት ገመድ ያለው ተራ የአምፖል መፈተኛ ይበቃል።

ካርቡሬተር ላይ ሲደረስ ዕቃው ውበትም አደጋም ይጨምራል። ሲቢ750 አራት ካርቡሬተር አለው፤ አራቱ እኩል እንዲስቡ የሚያመሳስላቸው ባለ አራት ቱቦ የሜርኩሪ መለኪያ ነው። ነዳጅ በድንገት ሰጥቶ የለቀቀ ሰው ሜርኩሪው ወደ ሞተሩ ሲሳብ ያያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ ባለ ሜርኩሪ መለኪያ ለተራው ሕዝብ መሸጥ ከ2009 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ሕጉ በ2007 ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸውን ምሯል። የ70ዎቹ የሞተር መለኪያ እንግዲህ ለመሥራት ያረጀ፣ ለዚህ ምሕረት ገና ልጅ ነው። ጉዳት የሌለበት ደስታ የሚገኘው ከመስታወት ካንዴላው ነው፤ በእውነተኛው ካንዴላ ቦታ ተገጥሞ የቃጠሎውን ቀለም ያሳያል። ብርቱካንማ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ሰማያዊ ከሆነ ልክ ነው፣ ወደ ነጭ ከሄደ አንሷል።

ሣጥኑን ሲያደራጁ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ወገን ሁሉም ዕቃ የሞተሩ ዘመን ካልሆነ አይነካም፤ ሌላው አሮጌውን ለዓይን፣ አዲሱን ለሥራ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ወገን ሞተሩን ቶሎ ያስነሳል፣ የመጀመሪያው ጥሩ ፎቶግራፍ ያነሳል። መኪና ተኮር የሆኑ ሜትሮችን መግዛት ግን ለሁለቱም ኪሳራ ነው፤ የፑንቲና መዝጊያ ማዕዘን መለኪያው ሰሌዳ በአብዛኛው ለ4፣ ለ6ና ለ8 ሲሊንደር ስለተሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ላይ ሒሳብ ካልተጨመረበት አይነበብም።

ገበያው ከ1967 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በቢውሊ የሚካሄደውን የመሰለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ አዲስ አበቤ ወጉ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጠዋት የመጣ ይመርጣል፣ ማታ የመጣ ይከራከራል። ሻጩ «ይሠራል» ሲል አይቶ አረጋግጧል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ገዢው የታወቀ ቮልቴጅ ያለው ባትሪና አንድ የኪስ ማይክሮሜትር ይዞ ይሄዳል። ቤት ሲገባ የብረት ቅጠሎቹ በስሱ ዘይት ይቀባሉ፣ የሜርኩሪው ቱቦ ቆሞ ይቀመጣል፣ የሜትሩ ባትሪ አሲድ ሳያፈስ ይወጣል፤ ማውጣቱ የተረሳ ከሆነ የሚቀጥለው ሰብሳቢ ሜትሩን በግማሽ ዋጋ ይገዛዋል።